«ካላመመሽ አልተማርሽም» የተባለችው ልጅ

የዛሬው ጉዳዬ በፖስታ የመጣ ደብዳቤ አይደለም። ኮላ ድባ ገበያ ውስጥ ሽምብራ ስመርጥ እጄን ይዘው ወደ ዳር ያወጡኝ አንዲት እናት ናቸው ያመጡልኝ። «አንቺ ጋዜጣ ላይ የምትጽፊው ልጅ አይደለሽም እንዴ?» አሉኝ። ነኝ አልኳቸው። «እንግዲያው ይኸን ነገር ጻፊልኝ፤ ስሜን ግን እንዳታነሺ» ብለው ጀመሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሴት ልጃቸው 12 ዓመቷ ነው፤ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ከአንድ የወጣቶች የባህል ውዝዋዜ ቡድን ጋር ትለማመዳለች። ትከሻዋ ጉድ ነው ይላሉ ያዩአት ሁሉ። ሠርግ ቤት ስትገባ ሙሽራዋን ትተው እሷን ያያሉ። አሁን ለበዓል ትርኢት ስለሚዘጋጁ ከትምህርት በኋላ በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ሁለት ሁለት ሰዓት፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ በባዶ እግሯ ትሠራለች። ታዲያ ከአንድ ወር ተኩል ወዲህ ከጉልበቷ ሎሚ ዝቅ ብሎ፣ የቅልጥሟ አጥንት የሚጀምርበት ቦታ ላይ፣ ሲነኩት የሚያማት ጠንካራ እብጠት ወጣ። ስትንበረከክ ትጮኻለች፤ ቁልቁለት ስትወርድ ታነክሳለች፤ ሌሊት ግን ደህና ተኝታ ታድራለች። ለአሰልጣኟ ብትነግረው «ካላመመሽ አልተማርሽም ማለት ነው» አላት።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሦስት ዓይነት ፍርድ አለ። አባቷ «ድሮም ይኼ የትም አያደርሳትም፣ ትተወው» ይላሉ። አያቷ ወጌሻ ዘንድ ወስደው ሊያሳሿትና ሊያሳስሯት ቀን ቆርጠዋል። ልጅቷ በበኩሏ «ከቡድኑ ካወጣችሁኝ ትምህርቱንም እተወዋለሁ» ብላ ለሁለት ቀን እህል አልበላም አለች። «እስቲ አንቺ ፍረጂ» አሉኝ እናትየው።

እኔ ዳኛም ሐኪምም አይደለሁም፤ ትምህርቴም ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አላለፈም። ግን ያንን ጉልበት አውቀዋለሁ። እኔም አለኝ።

በ13 ዓመቴ የትምህርት ቤት ኪነት ክበብ ውስጥ ነበርኩ። ተንበርክኬ፣ ወገቤን ወደኋላ ጥዬ፣ ጭንቅላቴ መሬት ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ትከሻዬን የማንቀጠቅጠው እኔ ነበርኩ። ጭብጨባው ይጣፍጣል፤ አልዋሽም። በዓመቱ ጉልበቴ ሥር እብጠት ወጣ። «ብርድ መትቷት ነው» ተባለ፤ ቅቤ ተቀባሁ። ሳይሻለኝ ሲቀር በጋለ ብረት ሊተኩሱኝ ሲሰናዱ አባቴ ደርሰው አስጣሉኝ። ከዚያ ልምምዱን ጨርሼ ተውኩት። ሕመሙ ከጊዜ በኋላ ጠፋ፤ እብጠቱ ግን ዛሬም እንደ ጉጥ ተቀምጧል። ቤተ ክርስቲያን ስሰግድ ብቻ «አለሁ» ይለኛል። ያኔ አንድ ሰው ምን እንደሆነ ቢነግረኝ ኖሮ አልተወውም ነበር እላለሁ አንዳንዴ። እናም እኚህን እናት እንደዋዛ አልፌያቸው ልሄድ አልቻልኩም።

ነገሩ ስም አለው፤ ኦስጉድ ሽላተር ይባላል። በ1903 እ.ኤ.አ. አንድ አሜሪካዊና አንድ የስዊዘርላንድ ሐኪም ለየብቻቸው ስለጻፉበት በስማቸው ተጠራ። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። እስቲ የበቆሎ አገዳ አስቡ። ገና ሲያድግ ለጋው ቦታ ከአንጓው በላይ ያለው ነው፤ ንፋስ ሲመታው የሚሰበረውም እዚያው አካባቢ ነው። የልጅ አጥንትም እንደዚያው ጫፍና ጫፉ ላይ ገና ያልጠነከረ ለጋ ክፍል አለው፤ ቁመት የሚጨምረው ከዚያ ነው። ትልቁ የታፋ ጡንቻ በጉልበት ሎሚ በኩል አልፎ በጅማት ቅልጥም ላይ የሚጣበቀው ደግሞ ልክ እንዲህ ዓይነት ለጋ ቦታ ላይ ነው። ልጅቷ በዘለለች፣ ቁጢጥ ባለች፣ ተንበርክካ በተነሣች ቁጥር ጅማቱ ያንን ቦታ ይጎትተዋል። አንድ ቀን ቢሆን ምንም አይደል። በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን መቶ ጊዜ ሲሆን ግን ቦታው ይቆስላል፤ አጥንቱም ለመጠገን ሲል ያብጣል። ተረከዝ ላይም ተመሳሳይ አለ፤ ሲዘል ተረከዙን አመመኝ የሚል የ10 እና የ11 ዓመት ልጅ ካላችሁ «እየቀለደ ነው» አትበሉት።

መጥፎው ጊዜ የቱ ነው ካላችሁ፣ ልጅ ድንገት የሚመዘዝበት ጊዜ ነው። ሴቶች ላይ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 13 ዓመት፣ ወንዶች ላይ ከ12 እስከ 15 ዓመት ባለው ውስጥ ይመጣል። በዚያ ወቅት ሴት ልጅ በዓመት 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ወንድ ልጅ 9 እና ከዚያም በላይ ሊያድግ ይችላል። አጥንቱ ቀድሞ ይረዝማል፤ ጡንቻውና ጅማቱ ኋላ ኋላ ይከተላሉ። ስለዚህ ሰውነት ይወጠራል፣ ይደርቃል። አምና እንደ ውኃ ይፈስ የነበረ ልጅ ዘንድሮ እግሩን የት እንደሚያሳርፍ ይጠፋዋል። አሰልጣኞች ይህን ሲያዩ «ሰነፍሽ፣ ልብሽ ሌላ ቦታ ሄደ» ይላሉ። ልብ የትም አልሄደም። እግሩ ረዝሞ ነው!

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ «እስክስታ እኮ የትከሻ ጨዋታ ነው፤ ከጉልበት ጋር ምን አገናኘው?» ትሉኝ ይሆናል። አያቶቻችን ሲጨፍሩ እውነት ነው። ጥምቀት ላይ ጎንደር ፋሲል መዋኛ ዙሪያ የሚጨፍረውን ሰው ተመልከቱ፤ ሲያሻው ይገባል፣ ሲደክመው ይወጣል፣ ማንም ቆጥሮ «አንድ፣ ሁለት፣ አሁንም አልሆነም፣ ድገም!» አይለውም። መሬቱም ሣርና አፈር ነው። የዛሬው የመድረክ ውዝዋዜ ግን ሌላ ነገር ሆኗል። አንድ ልጅ በአንድ ሰዓት ውስጥ የጎንደሩን ትከሻ፣ የጎጃሙን ዝላይ፣ የጉራጌን ፈጣን እግር፣ የወላይታን ወገብ፣ የኦሮሞን አንገት ተራ በተራ ይሠራል። በየባህሉ ሰው ሲያድግ ቀስ እያለ የሚለምደውን እኛ ልጆቹን በሁለት ወር እናስጨርሳቸዋለን። ከዚያ ላይ ተንበርክኮ በጉልበት መሄዱና ወደኋላ መጎበጡ ለጭብጨባ ይጨመራል። ጥፋቱ የትከሻው አይደለም፤ የድግግሞሹና የሲሚንቶው ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ወደኋላ መጎበጡ ነው። የወገብ አከርካሪ አጥንት ኋላ በኩል ቀጭን ድልድይ የመሰለ ክፍል አለው። ልጅ ደጋግሞ ወደኋላ ሲታጠፍ ያ ድልድይ እንደ ፀጉር በቀጠነ ስንጥቅ ሊሰነጠቅ ይችላል። በጂምናስቲክ ልጆችና በዳንሰኞች ላይ የታወቀ ነገር ነው። ወደኋላ ሲታጠፍ ወይም በአንድ እግር ቆሞ ሲለጠጥ የሚያምና ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ የወገብ ሕመም ያለበት ልጅ ካለ፣ መጎበጡ በዚያኑ ቀን ይቁምና ሐኪም ይየው። አሰልጣኝ ጀርባ ላይ ተጭኖ «ትንሽ ቀርቶሻል» እያለ መግፋቱ ደግሞ ጭራሽ የሚከለከል ነው። ልጅ በራሱ ጉልበት ያልደረሰበት ቦታ ላይ በሰው ክብደት መድረስ የለበትም። አንገትም እንደዚሁ ነው፤ ሳይሟሟቅ እንደ ጅራፍ የሚወረወር አንገት ማጅራትን ያደነድናል፣ ራስ ምታት ያመጣል።

ፈረንጆቹ ባሌ የሚሉት ዳንስ አላቸው፤ ሴቷ ጫፉ በጨርቅና በሙጫ የጠነከረ ጫማ አድርጋ በእግር ጣቷ ጫፍ የምትቆምበት። እዚያም ድሮ ድሮ እናቶች ልጃቸው ቶሎ እንድትቆም ይጣደፉ ነበር። አሁን ግን ደህና ትምህርት ቤት ከ11 ወይም ከ12 ዓመት በፊት ልጅን በጣት ጫፍ አያቆምም። ዕድሜው ብቻ ደግሞ አይበቃም፤ ስንት ዓመት ተምራለች? ቁርጭምጭሚቷ ጠንክሯል? ወገቧ ራሷን ይሸከማል? ተብሎ ይታያል። ዓለም አቀፉ የዳንስ ሕክምናና ሳይንስ ማኅበር በ2009 እ.ኤ.አ. ይህንኑ የሚመለከት መመሪያ አውጥቶ ነበር። ምክንያቱ እዚህ ኮላ ድባ ካለው ጋር አንድ ነው፤ አጥንቱ ለጋ ነው፣ ይጠበቅ።

ደግሞ ከሩቅ ብቻ አንጥቀስ። በ1996 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ አንድ እንግሊዛዊ የዳንስ አዋቂ ከመቶ የሚበልጡ የጎዳና ልጆችን ይዞ «ካርሚና ቡራና» የተባለውን ሥራ መድረክ ላይ አውጥቶ ነበር። ከእነዚያ ውስጥ 18ቱ ተመርጠው አዱኛ የተባለው የዳንስ ቡድን ተመሠረተ። ከልጆቹ አንዱ በ2004 እ.ኤ.አ. የሮሌክስ የሰዓት ኩባንያ በሚያካሂደው ፕሮግራም በአንድ ታዋቂ ጃፓናዊ የዳንስ ደራሲ ሥር እንዲማር ተመርጧል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሽልማቱ አይደለም። የአዱኛ ልጆች የሠለጠኑት አምስት ዓመት ነው። አምስት ዓመት! እኛ ሰፈር ደግሞ «ለበዓሉ አምስት ሳምንት ቀርቶናል» እንላለን።

እናላችሁ፣ አሰልጣኙን ሄጄ አነጋገርኩት። ክፉ ሰው አይደለም። ሃያ አራት ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ደመወዝ የለውም፣ ስፒከሩን የገዛው በራሱ ገንዘብ ነው። «እኛም እንዲሁ እየተደበደብን ነው የተማርነው፤ ምን ሆንን?» አለኝ። እኔም «እስቲ ቁጢጥ በልልኝ» አልኩት። ሳቀ። ቁጢጥ ሲል ቀኝ ጉልበቱ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። «ይኼ የቆየ ነው» አለና ቶሎ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ወሬያችን ቀለለ።

ቁጭ ብለን የልጅቷን ሳምንት ደመርነው። ልምምዱ 10 ሰዓት ነው። ቅዳሜና እሑድ የሠርግ ጥሪ ሲኖር አራት ሰዓት ይጨመራል። ትምህርት ቤት የስፖርት ክፍለ ጊዜ አለ። በጠቅላላው ከ15 ሰዓት ያልፋል። የስፖርት ሕክምና ባለሙያዎች ለልጅ የሚመክሩት ቀላል መለኪያ አለ፦ በሳምንት የሚሠለጥንበት ሰዓት ከዕድሜው ቁጥር አይብለጥ፤ የ12 ዓመት ልጅ ከ12 ሰዓት አይለፍ፤ በሳምንትም ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን፣ ቢቻል ሁለት፣ ይረፍ። ከዚያ እናትየውን «ውኃ የሚቀዳው ማነው?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ልጅቷ ናት። ጠዋትና ማታ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። 20 ሊትር ውኃ 20 ኪሎ ነው፤ ልጅቷ ራሷ አርባ ኪሎ ብትሞላ ነው። የፈረንጅ መጽሐፍ ላይ «ጀሪካን» የሚል ነገር የለም፤ እኛ ግን ስንደምር መርሳት የለብንም። ጉልበቱ ለመድረክ ነው ለቤት ነው ብሎ አይለይም።

ለመሆኑ ልጅቷ ትተወው? አይደለም። ሕመሙ ይህ ዓይነቱ ከሆነ ዕድገቷ ሲያበቃ አብሮ ያበቃል፤ ለወራት አንዳንዴም ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል እንጂ አካለ ጎደሎ አያደርጋትም። እስከዚያው መለኪያው ራሱ ሕመሙ ነው። ትንሽ ተሰምቷት በማግሥቱ የሚጠፋ ከሆነ ትቀጥል፤ እያነከሰች ከሆነ ወይም ማግሥቱንም ካመማት መጠኑ በዝቷልና ይቀነስ። መዝለሉ፣ ቁጢጡና መንበርከኩ ለጥቂት ሳምንታት ይቅር። ትከሻው ግን ለምን ይቀራል? በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትከሻዋን፣ እጇን፣ ደረቷን መሥራት ትችላለች። እንዲያውም ተቀምጦ የሚሠራ እስክስታ እግር ስለማይረዳው ትከሻውን ያጠራዋል፤ ይህን የነገረኝ ራሱ አሰልጣኙ ነው።

ከልምምድ በኋላ ቅዝቃዜ ይረዳል። በረዶ ከለስላሳ መሸጫ ፍሪጅ ብታገኙ በጨርቅ ጠቅልሉት፤ ባዶ ቆዳ ላይ አታድርጉ፤ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ካጣችሁ ከእንስራ ውኃ የተነከረ ፎጣም አይናቅም። የታፋን ፊት ለፊት በቀስታ ማፍታታት ጥሩ ነው፦ ግድግዳ ይዞ ቆሞ ቁርጭምጭሚትን ወደ መቀመጫ ሳብ አድርጎ እስከ 30 መቁጠር፤ ካመመ ማቆም። መንበርከክ የግድ በሚሆንበት ጊዜ ከአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ተቆርጦ በጨርቅ ተሰፍቶ ጉልበት ላይ ይታሰር፤ ከሱሪው ሥር ማንም አያየውም። ማስታገሻ ክኒን ሰጥቶ መድረክ ላይ ማውጣት ግን አደራ! ዲክሎፌናክ ከሱቅ ገዝተው ለልጅ የሚሰጡ አሉ። መድኃኒቱ ቁስሉን አያድነውም፤ ሕመሙን ደብቆ እንድትጎዳው ነው የሚረዳት። ለጨጓራና ለኩላሊትም አደጋ አለው።

አሁን ወደ አያትየው ልምጣ። እሜቴ፣ ይህ ጽሑፍ ይነበብልዎት። ለልጅ ልጅዎ አስበው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ወጌሻውም ብዙ ሰው ያሻሉ አዛውንት ናቸው። ነገር ግን ይህ ወለምታም ስብራትም አይደለም። ለጋ አጥንትን በጉልበት ማሸት ያባብሰዋል። ማሰሩ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። በቀርከሃና በጨርቅ ጠብቆ የታሰረ እጅ ወይም እግር ደም ሳይደርሰው ቀርቶ የሚሞትበት ጊዜ አለ። በአገራችን ሆስፒታሎች በዚህ ምክንያት እጅና እግራቸው የተቆረጠ ልጆች ይታያሉ። በሌላ ምክንያት የታሰረ ልጅ ቢኖር እንኳ ጣቶቹን እዩ፦ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከገረጡ፣ ከደነዘዙ፣ ወይም ልጁ ሕመሙን ሊችለው ካልቻለ በዚያችው ሰዓት ፈትታችሁ ወደ ጤና ተቋም ሩጡ። «ወጌሻው ይቆጡኛል» አይባልም።

ደግሞ ሁሉም የጉልበት ሕመም ከጭፈራ ነው ብላችሁ እንዳትዘናጉ። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ፣ ትኩሳት ያለው፣ መገጣጠሚያው ራሱ ያበጠና የሞቀ፣ እግርን መርገጥ የሚከለክል፣ ክብደት እያስቀነሰ የሚሄድ ሕመም ሌላ ነገር ነው። የአጥንት ኢንፌክሽን፣ የአጥንት ቲቢ፣ አልፎ አልፎም ከዚያ የከፋ ሊሆን ይችላል። ሌላም የሚያታልል ነገር አለ፦ ጉልበቴን አመመኝ የሚል፣ ነገር ግን ጉልበቱ ላይ ምንም የማይታይበትና የሚያነክስ የ11 ወይም የ13 ዓመት ልጅ፣ በሽታው ዳሌው ላይ ሊሆን ይችላል። የዳሌ አጥንት ከለጋ ቦታው ላይ ሲንሸራተት ጉልበት ላይ ነው የሚሰማው፤ ይህ ደግሞ ቀን የሚሰጥ አይደለም። ከኮላ ድባ ጤና ተቋም ጀምሩ፤ ካስፈለገም ወደ ጎንደር ይላኩ። ጎንደር 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ትምህርት ክፍል እንዳለው ብዙ ሰው አያውቅም፤ እንዲህ ዓይነት ጉልበት ደግሞ የእነርሱ ሥራ ነው።

ስለ ምግብ ብዙ አልልም፤ ደንብያ ተቀምጦ ስለ ጤፍና ሽምብራ ማውራት ውኃ ውስጥ ቆሞ ስለ ውኃ ማውራት ነው። አንድ ነገር ግን አለ። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ቀጥታ ወደ ልምምድ ይሄዳሉ፤ ጠዋት ከበሉ እስከ ማታ ድረስ ምንም የለም። በጾም ወቅት ደግሞ ይብሳል። ቆሎ በኪስ፣ ውኃ በሃይላንድ ይያዝ፤ ወጪ አይደለም። ደንብያ የወባ አገር ነው፤ ወባ የያዘው ልጅ ትኩሳቱ ስለለቀቀው ደሙ ተተካ ማለት አይደለም። ገጥቶ፣ ትንፋሽ እያጠረው «ድገም» ሲባል አይቻለሁ። ቢያንስ ጉልበቱ እስኪመለስ ቁጭ ብሎ ያጨብጭብ።

ሴቶቹን የሚመለከት አንድ ነገር አለ፣ በግልጽ ልበለው፤ ይህ ገጽ ካላለው ማን ይላል? ደረት የሚያንቀጠቅጥ ጨዋታ ጡቷ መውጣት ለጀመረ ልጅ ሁለት መከራ ነው፤ ያማታል፣ ታፍራለች። ስለዚህ ልጆቹ ተደብቀው በመቀነት ወይም በሻሽ ጭምቅ አድርገው ይታሰራሉ። ትንፋሽ እያጠራት ስትሠራ አሰልጣኙ ደክሟት ይመስለዋል። እናቶች፣ ልክ የሆነ ጡት መያዣ ግዙላቸው፤ ከቀሚሱ ጥልፍ ይቀድማል። የወር አበባዋ መጥቶ ከለመደ በኋላ ሦስት ወር የጠፋባት ልጅም ካለች ቶሎ ክፉ አትጠርጥሩ፤ ብዙ እየሠሩ ትንሽ መብላት እንዲህ ያደርጋል፤ አጥንትንም ያሳሳል። ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷት፣ ምግቧንም ጨምሩላት።

ከአሰልጣኙ ጋር በምን ተለያያችሁ ካላችሁ፣ ጥቂት ነገር ተስማማን። ልምምዱ ሲሚንቶው ላይ ሳይሆን ዝናብ በሌለበት ቀን ሁሉ ሜዳው ሣር ላይ ይሆናል። መጀመሪያ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ እየተራመዱና በቀስታ እየሮጡ ይሟሟቃሉ፤ አንገትና ትከሻ የሚፈጥነው ከዚያ በኋላ ነው። ወደኋላ መጎበጡ ለትልልቆቹ ብቻ ቀረ። ይህን ሲል ፊቱ ቅር ብሎት ነበር፤ ትርኢቱ ላይ የሚያስጨበጭበው እሱ ነውና። የቁመቱ ነገር ግን በጣም ወደደው፦ የአዳራሹ ግድግዳ ላይ የእያንዳንዱ ልጅ ቁመት በየወሩ በጠመኔ ይሰመራል። በሦስት ወር ውስጥ ሁለት ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ የተመዘዘ ልጅ ካለ «ወቅቱ ገብቷል» ይባልና ለጥቂት ወራት ዝላዩ ይቀነስለታል፤ አቅቶት ቢሳሳትም አይሰደብም።

ከአባቷ ጋር ደግሞ እናትየው ራሳቸው ተነጋገሩ። ምን እንዳሉ አልጠየቅኩም። ጀሪካኑን ታላቅ ወንድሟ እንዲያመላልስ መወሰኑን ግን ነግረውኛል። ወንድሟ በዚህ አምድ ላይ ቅሬታ ቢልክ አልገረምም።

ባለፈው ዓርብ በሜዳው በኩል ሳልፍ ልጅቷን አየኋት። ከክቡ ዳር በርጩማ ላይ ተቀምጣ ከበሮ ትመታ ነበር፤ ትከሻዋ ግን ከበሮውን አልሰማ ብሎ ለብቻው ይሄዳል። ጤና ጣቢያ አይተዋታል፤ እኛ ካልነው ሌላ ነገር አልተገኘባትም፣ ለስድስት ሳምንት እንዳትዘል ብለዋታል። ግድግዳው ላይ የእሷ መስመር ከሁሉም ከፍ ብሎ ተሰምሯል። «ሰባት ሚሊ ሜትር ጨመርኩ» አለችኝ፤ በአንድ ወር። እናቷ ቀሚሷን ሊያስረዝሙላት ነው።

ሌላ ጉዳይ ያላችሁ ጻፉልኝ። ስም አይወጣም። ደህና ሰንብቱ።